ሕንፃው ሲሸጥ የሊፍቱ ተቀናሽ የማን ነው?

በለንደንም ሆነ በሌላ የብሪታኒያ ከተማ ሱቅ፣ ቢሮ ወይም ምግብ ቤት ያለበትን ሕንፃ የሚገዛ ነጋዴ በዋጋው ተከራክሮ፣ የባንክ ብድሩን ጨርሶ ቁልፉን ሲረከብ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ከውሉ ጋር አንድ አጭር ሰነድ ሳይፈረም ከቀረ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ሊያጣ ይችላል። እዚያ በንግድ ተሰማርተው ከኪራይ ወደ ባለቤትነት ለመሸጋገር የሚያስቡ ኢትዮጵያውያንንም ነገሩ ይመለከታቸዋል።

የብሪታኒያ የግብር ሕግ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚያዘው የእርጅና ቅናሽ ከትርፍ ላይ እንዲቀነስ አይፈቅድም። በምትኩ «ካፒታል አሎዋንስ» የሚባል ተቀናሽ አለ፤ የሚሠራበትም እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሕግ ነው። ለአዳዲስ ግንባታ የተለየ ተቀናሽ ቢኖርም ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በዚህኛው አይካተቱም። ከሕንፃው ጋር የተገጠሙት ዕቃዎች ግን፣ ማለትም ሊፍቱ፣ የማሞቂያ ቦይለሩ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ሳይቀር ይካተታሉ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2008 ወዲህ ደግሞ የሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመርና የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ ተጨምረዋል። መኖሪያ ቤት በዚህ አይጠቀምም። ከታች ሱቅ፣ ከላይ አፓርታማ የሆነ ሕንፃ ተቀናሽ የሚያገኘው ለሱቁና ለጋራ መጠቀሚያው ነው።

አንድ ኩባንያ ሕንፃ በ800 ሺህ ፓውንድ ገዛ እንበል። ከዚህ ውስጥ 120 ሺሁ የተገጠሙት ዕቃዎች ዋጋ ነው ተብሎ ከተፈረመ፣ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ በአንድ ጊዜ መቀነስ ስለሚፈቀድ (ከዘመድ ወይም ከእህት ኩባንያ ካልተገዛ በቀር) ገንዘቡ በሙሉ በዚያው ዓመት ከትርፉ ላይ ይነሳለታል። ከዚያም በኋላ ትርፉ ከ250 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆኖ የ25 በመቶ ግብር ከፋይ ከሆነ፣ 30 ሺህ ፓውንድ ኪሱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ችግሩ ሻጩም በዚያው ገንዘብ ላይ ዓይኑን መጣሉ ነው። በሰነዱ የሚጻፈው ዋጋ ከሻጩ የተቀናሽ ሒሳብ ላይ ስለሚወርድ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ገዢው ይጠቀማል፣ ሻጩ ይጎዳል። ቁጥሩ ሻጩ ለዕቃዎቹ መጀመሪያ ካወጣው ወጪ ሊበልጥ አይችልም፤ ወደ ታች ግን ገደብ የለውም። በመሆኑም ብዙ ሻጮች «1 ፓውንድ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። ነገሩ ሕጋዊ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ገዢው ሳያስተውል ቢፈርም የሚተርፈው 25 ፔንስ ብቻ ይሆናል።

ቀድሞ እንዲህ ያለውን ስህተት ቆይቶም ቢሆን ማረም ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ግን በሩ ጠብቧል። ሻጩ ተቀናሹን መጠየቅ ይችል የነበረ ከሆነ ወጪውን በራሱ የግብር ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ዋጋውን በጋራ ፈርመው ሽያጩ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ፣ ካልተስማሙም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ለግብር ትሪቡናል ማመልከት ይኖርባቸዋል። ጊዜው ካለፈ የገዢው መብት ይጠፋል፤ ነገ ከእርሱ የሚገዛውም ሰው በእነዚያ ዕቃዎች ላይ ተቀናሽ አያገኝም።

ገንዘቡን የተቀበለ ሻጭ ስልክ ለማንሳት አይቸኩልም። ስለዚህ ቁጥሩን መነጋገሪያው ጊዜ ከውሉ በፊት፣ ገና በዋጋው ክርክር ላይ ሳሉ ነው። የገዢው ጠበቃ ለሻጩ በሚልከው መጠይቅ ላይ ስለ ካፒታል አሎዋንስ የሚጠይቅ ክፍል አለ። መልሱ «አይመለከተንም» ተብሎ ሲመጣ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሻጩ ሕንፃውን የገዛው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2008 በፊት ከሆነ ደግሞ ለገዢው ያልታሰበ ሲሳይ ሊኖር ይችላል። ያኔ ለአጠቃላዩ የኤሌክትሪክ መስመርና ለቀዝቃዛ ውኃው ቧንቧ ተቀናሽ ስላልነበረ ሻጩ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። በመሆኑም አዲሱ ገዢ በእነዚህ ላይ የሻጩ ፊርማ ሳያስፈልገው፣ በባለሙያ አስገምቶ ተቀናሹን ሊጠይቅ ይችላል። በሚፈረመው ሰነድ ላይ ዕቃዎቹ በጅምላ ሳይሆን በየዓይነታቸው እንዲዘረዘሩ ማድረግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።