ጥርሱን የሚያፋጭ ካምቢዮ ከዋጋው ስንት ያስቀንሳል?

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ይህን ቁልቁለት ስንዴና የቢራ ገብስ ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ በከባድ ማርሽ ካልተያዘ ክብደቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። ደላላው ስለ ጎማና ስለ ቀለም ብዙ አውርቶ ስለ ሲንክሮናይዘር ዝም ካለ ገዥው ይንቃ።

ሲንክሮናይዘር የማርሹንና የዘንጉን ፍጥነት በሰበቃ የሚያስተካክል ቀለበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ይሠራል። ሲበላ ማርሹ እያፋጨ ይገባል። ይሁንና ካምቢዮ ከማስወረድ በፊት ፍሪሲዮን ይፈተሽ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ጥቂት ሰኮንዶች ከተቆየ በኋላም የኋላ ማርሽ ካፋጨ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ሳይሆን አይቀርም። በጉዞ ላይ አንድ ማርሽ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ቀለበቱ ይጠረጠራል።

ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጡ ማስገባት አዳማ ያደርስ ይሆናል እንጂ ጥገና አይደለም። ዘይት መቀያየርም እንደዚያው፤ ለነሐስ የማይስማማው እንዲያውም ቀለበቱን ይበላዋል። ካምቢዮ ከወረደ በኋላ ቀለበት ብቻ ለውጦ መግጠም ደግሞ የከሰረ ቁጠባ ነው፤ የማርሹ ጥርስ ካለቀ አዲሱም አይከርምም።

ብልህ ገዥ የመለዋወጫውን ዋጋ ከሶማሌ ተራ፣ የእጅ ዋጋውን ከጋራዥ አስቀድሞ ይጠይቃል። ሻጩ «ቀላል ነገር ናት» ካለ፣ ቀብድ ሳይከፈል ከነጭነቱ ኢተያ ድረስ ነድቶ ማየት ነው።