ዱባ መቼ ይቆረጣል?

ሰኔ ላይ አጥር ሥር የተዘራ ዱባ መስከረም ሲጠባ ትልቅ ሆኖ፣ ቀለምም ይዞ ይታያል። ብዙ ሰው ቢላ ይዞ ወደ ጓሮ የሚወጣው ይኼኔ ነው። ያኔ የተቆረጠ ዱባ ግን ወጡ ውሃ ውሃ ይላል።

ዱባ መጠኑን የሚጨርሰው ቀድሞ ነው፤ ፍሬ በያዘ 20 ቀን ገደማ ውስጥ ሊያድግ የሚችለውን ያህል አድጓል። ቀሪው ሥራ የውስጥ ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ ያበጀውን ምግብ ይልካል፣ ሥጋው በስታርች ይሞላል፣ ዘሩም ይደልባል። ኋላ ጎተራ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው ይኸው ስታርች ነው። ቶሎ የተቆረጠ ዱባ ቤት ተቀምጦ ቀለሙ ሊቀላ ይችላል፤ ያላጠራቀመውን ጣዕም ግን ከየትም አያመጣም። ዘመዱ ዙኩኒ በለጋነቱ ይበላል፤ ዱባ ግን ፍሬ ከያዘ ከ50 እስከ 55 ቀን ቢታገሡት መልካም ነው።

ቀን ያልቆጠረ ሰው ቀለሙን ትቶ ልጣጩን ይጠይቅ። አውራ ጣትዎን አስደግፈው በጥፍርዎ ይጫኑት። ጥፍሩ ሰርጎ እርጥበት ካወጣ ገና ነው፤ የደረሰ ዱባ ጥፍር አያስገባም። ቀጥሎ ከሐረጉ ጋር ያያያዘውን እጀታ ይዩ፦ አረንጓዴና ለስላሳ የነበረው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ እንጨት ይመስላል። መሬት የነካው ጎኑም ከነጭነት ወደ ቢጫ ይዞራል። እኔ ከሁሉ የማምነው እጀታውን ነው።

ሲቆርጡ በእጅ አይጠምዝዙት። በስለታም ቢላ እጀታውን ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፤ ሲሸከሙም ከሥር ደግፈው እንጂ በእጀታው አንጠልጥለው አይደለም። እጀታው ከተነቀለ ሻጋታ የሚገባው በዚያ ቁስል በኩል ነው። ከዚያ ሙቀትና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ የሌሊት ጠል ሳይነካው፣ 10 ቀን ያህል ይረፍ። ልጣጩ ይጠነክራል፣ ጭረቱም ይሽራል።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ግን ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ አለ። ውርጭ የመታው ዱባ ቶሎ ይበሰብሳልና ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ከበረታ ልጣጩ የጠነከረውን ሁሉ ቅጠሉ ሳይደርቅም ቢሆን ያስገቡ። ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ላይ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ የተደረደረ ደህና ዱባ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። እጀታው የተሰበረውና የተጫረው ቀድሞ ወጥ ይሠራበት።