«ታሽቶ ይለቀዋል»

ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። በምናስተምርበት ኮሌጅ ሜዳ ሁለት ክፍሎች ኳስ ይጋጠማሉ። አንዱ ተማሪ ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈበትና ወደቀ። ጓደኞቹ ከበቡት፤ አንዱ ጣቱን ይጎትታል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ያሻል። «ወለምታ ነው፤ ታሽቶ ይለቀዋል» ተባለና ወደ ሰፈር ወጌሻ ተወሰደ። ወጌሻውም አሽተው በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሠሩት።

በማግስቱ ማደሪያው ሄደን ስንጠይቀው ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ ስንነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው። «አይሰማኝም» አለን። እሥሩ ተፈትቶ ሆስፒታል ደረሰ። ራጁ ያሳየው ግን ወለምታ ሳይሆን ስብራት ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ እግሩ ተረፈ፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ግን አመለጠው። ሐኪሙ እንደነገሩን፣ ደም እንደታገደ ቢቆይ ኖሮ እግሩን ሊያጣው ይችል ነበር።

ወለምታ ወይስ ስብራት?

ወለምታ የሚባለው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ከልክ በላይ ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ ነው። ስብራትም እንዲሁ ያብጣል፣ ያማል። በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመዘኛ ዛሬም ይሠራበታል። ተጎጂው በወደቀበትም፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጉብ ጉብ ያሉ አጥንቶች ከጫፋቸው ወይም ከኋላቸው ሲጫኗቸው ካመሙት ራጅ መነሣት አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት

ጨዋታውን ወዲያው ማቆም ይገባል። ማሸትና መጎተት እብጠቱን ያብሳል፤ ስብራት ካለም ያፈናቅለዋል። እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ጣት በማያደነዝዝ ልክ በፋሻ መጠቅለል ይጠቅማል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ዲናችን ፈቅዶለታልና ራሱን አያስጨንቅ።

በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ቢያዝበት ሕመም ያስታግሳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1978 የዕረፍትና የበረዶን ምክር ያስፋፉት አሜሪካዊው ዶክተር ጌብ ሚርኪን ራሳቸው በ2014 በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውሱን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል። ስለዚህ ስብራት አለመኖሩ ከታወቀ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ መራመድ ይሻላል።

አንዴ ወለም ያለ እግር ደግሞ ወለም ለማለት ቅርብ ነው። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ለሳምንታት ይደረግ። ያለ ሕመም መሮጥና በዚያው እግር መዝለል ሳይቻል ወደ ሜዳ አይመለሱ።

ለወላጆች

ልጆቻችን ሐኪም የሚሸሹት ብዙ ጊዜ ገንዘቡን፣ ጀሶውንና የእኛን ቁጣ ፈርተው ነው። «ማን ተጫወት አለህ?» ከማለታችን በፊት «መራመድ ትችላለህ?» እንበል። ወጌሻዎቻችንን አንንቅም፤ ነገር ግን አጥንቱ ሳይታይ አይጎተት፣ ጠብቆም አይታሠር። ከታሠረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሌሊትም ቢሆን እሥሩ ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል ይኬድ።

ሰውነታችን አማና ነው። ሰበቡን ማድረስ የእኛ፣ ሺፋው የአላህ ነው።