መረዳዳት እያወቅን ስለ ምን ደኸየን?

በእድር፣ በእቁብና በደቦ የሚኖር ሕዝብ ኢኮኖሚው ስለ ምን አልተመነደገም? ጥያቄው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽም በቡና ላይ ወሬም ደጋግሞ ይነሳል። አንዱ ወገን የዕድገታችን መሠረት እነዚህ ማኅበራት ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ማኅበራቱ ድሃውን በክብር ከመቅበር አልፈው ምን ሠሩ ብሎ ይሞግታል። እኔ መልሱን ከአዳማ (ናዝሬት) ብንፈልግ ይሻላል ባይ ነኝ። አዳማ በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያደገች ከተማ ናት። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. አጠገቧ ወንጂ ላይ ያቆመው ስኳር ፋብሪካ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ስቧል። በኋላ የተሠራው ፈጣን መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቅርቧታል፤ የሞጆ ደረቅ ወደብም ቅርቧ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ መነገድ ማለት የማን ልጅ እንደሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር በየቀኑ ገንዘብና ዕቃ መቀባበል ነው።

ምሁራን «ማኅበራዊ ካፒታል» የሚሉት የሰዎችን ትስስር፣ የሚጋሩትን ደንብና መተማመናቸውን ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ጣሊያን ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰሜኑ ደቡቡን የቀደመው ማኅበራት ስለበዙበት ነው ብሎ ተከራከረ። ማንከር ኦልሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1982 የተደራጁ ቡድኖች ለአባሎቻቸው ጥቅም ሲሉ የአገርን ዕድገት ሊያንቁ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ስቴፈን ናክና ፊሊፕ ኪፈር የ29 አገሮችን መረጃ ሲመረምሩ፣ ሰው ሌላውን ሰው በጥቅሉ የሚያምንበት አገር ፈጥኖ እንደሚያድግ አገኙ፤ የማኅበር አባልነት ብዛት ግን ከዕድገት ጋር ዝምድና አልታየበትም። ይህ ለእኛ ክርክር ትልቅ ነገር ነው። ስንት እድር አለን ብሎ መቁጠር ብቻውን ብዙም አያስኬድም ማለት ነው።

እድርን ከጥንት የወረስነው አድርገን እንናገራለን። ያጠኑት ግን የከተማ ልጅ ነው፣ ከመቶ ዓመት እምብዛም አይዘልቅም ይላሉ። ከዘመዱ ርቆ ከተማ የገባ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር በደንብ ተሳሰረ። ወርኃዊ መዋጮ፣ የስም መዝገብ፣ ከቀብር ለቀረ ቅጣት፣ የጋራ ድንኳንና ብረት ድስት፣ አዲስ ገቢ ለተከማቸው ንብረት ድርሻውን የሚከፍልበት መግቢያ፤ በሥራ ላይ ያለው ይህ ነው። በደምና በእምነት የማይዛመዱ ሰዎች መተማመንን በጽሑፍ ፈጠሩት። ለእኔ የእድር ትልቁ ትምህርት ይህ ሲሆን፣ ስናወድሰው የምንዘነጋውም ይህንኑ ነው።

እቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው በኋለኞቹ ገንዘብ ተበድሯል፤ ስለዚህ ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ዳኛው ይመዘግባል፣ ያስከፍላል፣ ያስታርቃል። ገንዘብ የቸገረው ነጋዴ የሌላውን ዕጣ በቅናሽ ይገዛል፤ ያ ቅናሽ ወለድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሱቅ የተከፈተው እንዲህ ነው። ችግሩ የገንዘቡ መጠን አባላቱ ከሚያዋጡት፣ እምነቱም አባላቱ ከሚተዋወቁት አለማለፉ ነው።

ከሰፈር ወጥቶ ወደ እህል ገበያ ሲገባ የመተማመን ዋጋ ጎልቶ ይታያል። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናታቸው የእህል ነጋዴው ያለ ደላላ ሩቅ መሄድ እንደሚቸግረው አሳይተዋል። ደረጃ ያልወጣለትን ስንዴ አይቶ የሚመሰክር፣ ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላው ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን የግል እምነት በናሙና፣ በደረጃና በመጋዘን ደረሰኝ ሊተካ ተነሳ። ሆኖም ስንዴና በቆሎ በብዛት አልመጡለትም፤ በእግሩ ያቆሙት ቡናና ሰሊጥ ናቸው። የመቂና የባቱ (ዝዋይ) ቲማቲም ደግሞ መጋዘን የሚባል ነገር አያውቅም። መኪናው ቆሟል፣ ፍሬው በስሏል፤ ገበሬው ደላላው የነገረውን ዋጋ ይቀበላል።

ኦልሰን የፈራው ደግሞ በጫኝና አውራጅ ማኅበራት ላይ ይታያል። አባላቱ ተደጋግፈው የሚበሉበት ጥሩ ትስስር ነው። ለዕቃው ባለቤት ግን፣ ራሱ ሊያወርድ ቢፈልግ እንኳ ያለ ክፍያ የማያልፈው በር የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዚህን ወጪ መጨረሻ ላይ የሚሸከመው ሸማቹ ነው። ጫኝና አውራጅ ልጆቹን ሥራ ፈት አድርጎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሌላ ሥራ በሌለበት ማኅበራቸውን አጥብቀው ቢይዙ አይፈረድባቸውም።

መተማመን ሲሰበር ከዚህ የከፋ እንደሚመጣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አየን። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎችም ከተሞች ሰው ሞተ፣ ሆቴልና ሱቅ ነደደ። ጎረቤት ጎረቤቱን የሸሸገበት ቤትም ነበር። አብሮ ቀባሪነት አንዳንዱን ሰው አድኗል፤ ለከተማው ግን አልበቃም። ሕንፃ ሲቃጠል የጠፋው የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ነገ እዚያው ሊሠራ ያሰበው ሰውም አሳቡን ይለውጣል።

ማኅበር በትእዛዝ ሲመሠረት ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። የደርግ ዘመን የገበሬ አምራች ማኅበራት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በፍጥነት ፈረሱ፤ አባላቱ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈሉ። በ1991 ዓ.ም. በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ፈቃደኝነት መርህ ሆነና እንደ ሉሜ አዳማና መቂ ባቱ ያሉ የማኅበራት ዩኒየኖች ለአባሎቻቸው ማዳበሪያ የሚያቀርቡና ምርት የሚሸጡ ሆኑ። ገበሬው ለዩኒየን ወይም ለደላላ ሲሸጥ የሚመዝነው፣ ገንዘቡ በዕለቱ ይከፈለኛል ወይ የሚለውን ነው። ዩኒየን የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው፣ በጠባቡ ክበብ ውስጥ ያለው እምነት ወደ ሰፊው ገበያ የሚሻገርበት መንገድ አለ ወይ የሚለው ይመስለኛል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አዳማ ላይ ለዓመታት እቁቡን አንድም ሳምንት ሳያጓድል የጣለች ባለ ሱቅ ባንክ ስትገባ የምትጠየቀው ቤት ወይም መኪና ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ሸቀጥን፣ ምርትንና ከብትን ጭምር በመያዣነት እንዲቀበሉ ለአበዳሪዎች ፈቅዷል። የእቁብ መዝገቧ ግን ከባንኩ ፋይል አይገባም። የእቁብ ዳኞች መዝገብ በአባሉ ፈቃድ እንደ ብድር ታሪክ እንዲቆጠር ደንብ ቢወጣ፣ ባንኩ ከእቁቡ ዋሶች ጋር ለመነጋገር ምክንያት ይኖረዋል፤ ባለ ሱቋም የብድር ማመልከቻ ቅጹ ላይ የምትሞላው አንድ መስመር ታገኛለች።