የጉልምስና ጭንቀት፣ የእርጅና ዕዳ

ነጋዴ ትርፍና ኪሣራውን የሚለየው ሒሳብ ሲዘጋ ነው። በጉልምስና ዕድሜ የሚከማች የሥራ ጭንቀት ግን ሒሳቡ የሚዘጋው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ብዙዎች ከዕዳ አይቆጥሩትም።

ጉዳዩን በአኃዝ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ «ኋይትሆል ሁለት» ይባላል። ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለንደን ውስጥ የሚሠሩ 10,308 የመንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለ ነው። በ1997 የወጣው ውጤት፣ በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌላቸው ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመለከተ። በ2018 ደግሞ በ50 ዓመታቸው የላይኛው የደም ግፊታቸው 130 እና ከዚያ በላይ የነበረ ሰዎች፣ ሲያረጁ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ2021 የወጣው ግኝት እንደሚለው፣ ከ50 እስከ 70 ዓመታቸው ድረስ በሌሊት ከ6 ሰዓት የማይበልጥ የሚተኙት፣ 7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ ተጋላጭነታቸው በ30 በመቶ ገደማ ይበልጣል።

ጭንቀት ሲመጣ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ያነቃል። ሲሰነብት ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ አንጎልን የሚመግቡ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጎዳል። እርግጥ ነው፣ ጥናቶቹ ተያያዥነቱን እንጂ ጭንቀት ብቻውን በሽታውን እንደሚያመጣ አላረጋገጡም።

ሥራ መብዛቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። በ2021 የታተመ፣ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት አንጎልን የሚያሠራ ሥራ ያላቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የሚያሰጋው ጫናው ከፍተኛ፣ ሥልጣኑ ግን አነስተኛ የሆነበት ሁኔታ ነው። የባንክ ብድር መክፈያው ቀን ደርሶ ዕቃው ወደብ ላይ የቀረበት አስመጪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እንደገለጸው፣ የደም ግፊትን ጨምሮ 14 መንስኤዎችን በመቆጣጠር 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ስለዚህ 40 ዓመት የሞላው ነጋዴ ግፊቱን በየጊዜው ይለካ፤ እንቅልፉን ለስልክ አይሽጥ፤ ከፊሉን ውሳኔ ለሚያምነው ሰው ያካፍል። ማን ምን ያህል እንዳለበት በቃሉ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ በመዝገብ ያስፍረው። የማስታወስ ችሎታ ካፒታል ነው፤ ከጠፋ ባንክ አያበድረውም።