በፍጥነት መንዳት የተከሰሰ ነጂ በፍርድ ቤት ያለው ምርጫ

ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሰው የሚያመላልስ ነጂ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል ተብሎ ቢከሰስ፣ ዳኛ ፊት ለመቆም የአንድ ቀን ገቢውን ያጣል። ስለዚህ ባያጠፋም እንኳ ከፍሎ መገላገል ሊመርጥ ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ ማመዛዘን ይገባዋል።

በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 167 ጀምሮ ለደንብ መተላለፍ አጭር ሥርዓት አበጅቷል። ቅጣቱ መቀጮ ብቻ ሲሆን ተከሳሹ ሳይቀርብ መጥሪያውን ፈርሞ ማመን ይችላል፤ ፊርማው ግን የጥፋተኝነት ፍርድን ያስከትላል። ሁለተኛው መንገድ ቀርቦ መካድ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነውና ማስረዳት የከሳሹ ፋንታ ነው።

ታዲያ ምን ብሎ ይከራከር? «ራዳሩ በሰያፍ ቆሞ ነበር» ማለት አይረባውም፤ ከመንገድ ዳር ቆሞ በሰያፍ የሚለካ ራዳር ፍጥነትን ያሳንሳል እንጂ አያበዛም። ይልቅስ የተለካው የማን መኪና ነው? መሣሪያው መቼ ተመረመረ? የፍጥነት ወሰን ምልክት ተተክሎ ነበርን? ብሎ ምስክሩን ይጠይቅ።

በእውነት ያጠፋ ሰው ቢያምን ይሻለዋል። ያላጠፋ ግን ለአንድ ቀን ገቢ ሲል ያልሠራውን በፊርማው አያጽድቅ።