ነጠላ

ካርቶኑ የወጣው የአክስቴ ቤት ጣሪያ ሲቀየር ነው። ቤቷ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ኮርኒሱ ሲፈርስ አብሮ ወረደ፤ ከላይ ካሴት፣ ከካሴቱ ሥር የቆየ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር ሸክላ።

«ጣለው፤ ማጫወቻውም የለ» አለችኝ። አልጣልኩትም።

የሸክላ ማጫወቻ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አግኝቼ፣ መርፌውን አስቀይሬ መስማት ስጀምር አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው። አንዱ ዘፋኝ በሸክላም በካሴትም አለ። ድምፁ ያው ነው፤ እንዲያውም ካሴቱ ላይ በስሏል። የጎደለው ከኋላው ነው። ሸክላው ላይ ሳክስፎንና ትራምፔት እየተቀባበሉ ያጅቡታል። ካሴቱ ላይ የእነሱን ሥራ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ይሠራል። በሁለቱ መሀል አሥር ዓመት ቢኖር ነው። ነፊዎቹ የት ገቡ?

መጀመሪያ የገመትኩት ሰው ሁሉ የሚለውን ነው፤ ዘመን ተለወጠ፣ ጆሮም ተለወጠ። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኪቦርድ ያልገባበት አገር አልነበረም። እውነት ነው፤ ግን «ፋሽን ነው» ብሎ መዝጋት ስንፍና መሰለኝና ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ያዝኩ።

ብዙዎቹ የአምሃ ሪከርድስ ናቸው። አምሃ እሸቴ ገና ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ሳለ፣ በ1969፣ ደፍሮ የጀመረው አሳታሚ ነው። ደፍሮ የምለው ያለ ነገር አይደለም፤ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ ዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነው። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 አልበም አወጣ፤ ያ ሁሉ የታተመው ውጭ አገር ተልኮ ነው። ታዲያ ነፊዎቹ ከየት መጡ? ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስ፣ ከጦር ሠራዊት። ትራምፔት መንፋት የተማሩት በመንግሥት ደመወዝ፣ ዩኒፎርም ለብሰው ነው። ማታ ማታ ደግሞ የምሽት ክበብ አለ። ስድስትና ሰባት ሰው ያለበትን ባንድ የሚያበላው ሸክላው ሳይሆን የክበቡ በር ነበር።

በነገራችን ላይ ከሸክላዎቹ መሀል የአክስቴ ፎቶ ተገኘ፤ አጭር ቀሚስ ለብሳለች። አጭር ቀሚስ ያኔ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከዚህ ቁልቁል፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1968 ራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት የተማሪ ተቃውሞ አስነሥቶ ግቢው እስከ መዘጋት ደርሷል። በዓመቱ የአለማየሁ ሸክላ ወጣ። አንዱ ትውልድ በአንድ እጁ አጭር ቀሚሱን ሲያወግዝ በሌላው ሸክላ ይገዛ ነበር ማለት ነው። አክስቴን ከየትኛው ወገን እንደነበረች ስጠይቃት ፎቶውን ተቀብላኝ መሶቡ ውስጥ ከተተችው።

ነፊዎቹ የት እንደገቡ መልሱን የሰጠችኝ ግን እሷው ናት። በደርግ ጊዜ ሒልተን ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራ ነበር። ዋልያስ ባንድ የሚጫወተው እዚያ ነው። ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ እየጨፈረ ያድር እንደነበር ስትነግረኝ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው!» አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ሰው ሙዚቃ ወዶ ብቻ መሰለህ የሚያድረው? ሰዓት እላፊ ነው እኮ! ወጥቶ የት ይገባል? እስኪነጋ በር ተዘግቶበት ነው የሚጨፍረው።»

ሰዓት እላፊ! ታዳሚውን አሳድሮ ማዋጣት የሚችለው ትልቅ ሆቴል ብቻ ነው። መንገድ ዳር ያለው ክበብ ማታው ሲወሰድበት የነፊውም እንጀራ አብሮ ተወሰደ። አምሃ ራሱ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ውጭ አገር የሚታተም ሸክላ ቀረና ካሴት መጣ፤ ካሴት ሱቅ ውስጥ ይባዛል፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ገጠር ይገባል። ደግሞም ሆዱ ሰፊ ነው። የነጠላ ሸክላ አንድ ፊት ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሁለት ዘፈን ይዞ ያበቃል። ካሴት የአንድ ሰዓት ቦታ አለውና አሥር ዘፈን ይጠይቃል። አሥር ዘፈን በፍጥነት ለመሙላት ኪቦርድ ከሦስት ነፊ ይረክሳል። እኔ እንደ ብዙዎቹ ካሴቱን አልንቀውም፤ ሸክላ ማጫወቻ የነበረው ስንት ቤት ነው?

አንድ ካሴት ብቻ ከዚህ ስሌት አፈነገጠብኝ። ኪቦርድ አለው፤ ከኪቦርዱ ጋር ደግሞ አኮርዲዮን። ዘፋኝ የለውም። የኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያሱ ኃይሉ በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲዞር እዚያው ቀረ፤ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የልጅነቱን አኮርዲዮን በጊዜው መሣሪያ አጀበው። ባንድ የለው፣ በእጁ ያለው አሥር ጣት ነው። በዚያው በ1985 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ ተደንቆ አዲስ አበባ መጣ፤ የጠበቀው ግን የሰዓት እላፊ ከተማ ነው። እሱ ኋላ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሸክላዎቹን ለዓለም መለሰ። የኃይሉን ካሴት ደግሞ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኘው፤ በ2013 እንደገና ሲታተም ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱ ከኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ሊለማመድበት። የእኛው ቅጂ ጉለሌ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው።

ካርቶኑን ተሸክሜ ስወርድ በሽሮ ሜዳ ሱቆች መሀል አለፍኩ። ከየበሩ ነጠላ ተንጠልጥሏል። አንዱ ሱቅ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ገና ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀ ዘፈን ያሰማል። የማን እንደሆነ ሻጩን ልጅ ጠየቅኩት።

«አልበም የለውም» አለኝ፤ «ነጠላ ነው።»